ያልሞተ ሰው ተዝካር

ሥራዬ የሰው ፋይል መጠበቅ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሪከርድና ማኅደር ክፍል ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ባለጉዳይ መጥቶ "ፋይልህ ጠፍቷል ተባልኩ" ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ፋይል አይጠፋም። ያለቦታው ይገባል፣ ከሌላ ሰው ፋይል ጋር ይጣበቃል፣ አንዱ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ዓመት ሙሉ ይተኛል፤ መጥፋት ግን አይጠፋም። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች ስነግር ድምፄ ከፍ እንደሚል ባልደረቦቼ ይቀልዱብኛል። አባቴ የአባታቸውን ነገር ፈልጊልኝ ሲሉኝ ሳላወላውል እሺ ያልኩትም በዚሁ ትዕቢቴ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው ሬዲዮ ነበር። አባቴ ከጉንደ ወይን ወጣ ብላ ባለች ገጠር የሚኖሩ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ገበሬ ናቸው። ሬዲዮናቸው ከምሰሶው ላይ ተሰቅላ ትውላለች። አንድ ጠዋት ስለ ኮሪያ ዘማቾች ሲወራ ሰሙ። ተናጋሪው ወታደሮቻችን ምርኮኛም ሬሳም ጥለው እንዳልመጡ፣ የሞቱት ሁሉ ተጭነው ሀገራቸው እንደተቀበሩ ተናገረ። አባቴ ሬዲዮኑን ዘግተው ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጡና ደወሉልኝ።

"ሬሳው ሁሉ መጥቷል ካሉ፣ የእኔ አባት ታዲያ የት ነው ያለው?" አሉኝ።

እኛ ቤት የሚታወቀው ታሪክ አጭር ነው። አያቴ ወታደር ነበር፤ ሚስቱንና የአምስት ዓመት ልጁን ትቶ ኮሪያ ዘመተ። (አያቴን በጽሑፍ አንቱ ማለት አልሆነልኝም፤ በቤታችን ወሬ ውስጥ ምንጊዜም ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው።) ከጎረቤት አጥቢያ አብሮት የዘመተ ሰው ቀድሞ ተመለሰና "አጠገቤ ወደቀ፤ ሲነሣ አላየሁም" አለ። ሽማግሌዎች ይህን ይዘው ገና ጎሕ ሳይቀድ አያቴ ቤት ሄዱና መርዶ ነገሩ። አርባ ቀን ተቆጥሮ ተዝካሩ ወጣ፤ አጥቢያው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ነፍስ ይማር አለ። ሴት አያቴም ክረምት ሳይገባ ለሌላ ሰው ተዳረች፤ አራት ልጅ ጨመረች። አባቴ በእንጀራ አባታቸው ቤት አደጉ፤ ስለ እኚያ ሰው ክፉ ሲወጣቸው ሰምቼ አላውቅም።

መቃብር የለም፤ የሞተበት ቀንም አይታወቅም። ሰባ ዓመት ሙሉ ሙት ዓመቱ የሚታሰበው መርዶው በተነገረበት ቀን ነው። አባቴ የፈለጉት ቀኑንና ቦታውን ብቻ ነበር። "እኔም እንግዲህ ዘንድሮ ወይ ከርሞ ነኝ" አሉኝ፤ እንደ ቀልድ አድርገው።

ምሳ ሰዓት እየጠበቅኩ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰዎች በኢንተርኔት ላይ የለጠፉትን የሟቾች ዝርዝር አነበብኩ። የለም። ደግሜ፣ ሠልሼ አነበብኩት፤ የለም። ከዚያ ወደ ውጭ ሀገር የጦር መዛግብት ገባሁ። እነዚያ ሰዎች የማያስቀምጡት ወረቀት የለም፤ የብርድ ልብስ ርክክብ እንኳ ፎቶ አንስተው ሰቅለውታል። ልቤ ቀናባቸው። እኛ ጋ ዝናብ የገባበትን ሣጥን ስንት ጊዜ በፀሐይ አስጥቼ እንዳዳንኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ወር ሙሉ የአያቴን ስም ብጽፍ፣ ባገላብጥ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ብጽፍ አንድም ነገር አይመጣም።

አንድ ቀን ሻይ ልጠጣ ተነሥቼ ሳለ ገባኝ። እነሱ መጨረሻ ላይ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ነው የሚያስቀምጡት። በፈረንጅ መዝገብ መሠረት ኮሪያ የዘመተው አያቴ ሳይሆን ቅድመ አያቴ ነው፤ ከአጥቢያው ወጥቶ የማያውቀው፣ የጥንድ በሬዎቹን ጭራ ሲከተል ኖሮ የሞተው ሰውዬ። እኔም ብሆን እንደዚያ ያለ ፋይል ቢያጋጥመኝ ሠራተኛውን እሰድበው ነበር። ሻዩን ትቼ ተመለስኩና በቅድመ አያቴ ስም ፈለግኩ። አራተኛው ገጽ ላይ አንድ ካርድ ወጣ።

የሆስፒታል ካርድ ነው። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ማዕረጉ፣ የትውልድ አውራጃው ሁሉ ልክ ነው። የግራ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆርጧል። ጃፓን ሀገር ተኝቶ ታክሟል። የመጨረሻው መስመር ላይ ወደ ሀገሩ በመርከብ ተሳፈረ ይላል፤ ቀኑም አለ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። አገኘሁት አልኩ፤ ባልደረባዬ ቀና ብላ እስክታየኝ ድረስ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ከዚያ ቀኑን ወደ እኛ መቁጠሪያ መለስኩት። ተዝካሩ የወጣበትን ዓመት እኛ ቤት ሁሉም ያውቀዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ የለበሰበት ዓመት ስለሆነ ከበሩ በላይ ተጽፏል። ወሩም ጥር ነው፤ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። አያቴ መርከብ የተሳፈረው ደግሞ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ሆኖ ተገኘ። ሰባት ነው ስምንት የሚቀነሰው ብዬ በጣቴ፣ ከዚያ በካልኩሌተር፣ ከዚያ በወረቀት ቆጠርኩ። ተሳስቼ መገኘት ፈልጌ ነበር። አልተሳሳትኩም። አጥቢያው ተዝካሩን ሲበላ አያቴ አልጋ ላይ ሆኖ በአንድ እግር መቆም እየተማረ ነበር።

ለአባቴ አልነገርኩም። ሁለት ሳምንት ሲደውሉ "እየፈለግኩ ነው" እያልኩ ዋሸሁ። ጊዜውን የገዛሁት ለእሳቸው አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ፈርቼም ነው። አሁን የምፈልገው የሞተ ሰው ሳይሆን ወደ ሀገሩ የገባ፣ ከዚያ ደግሞ ቤቱ ያልደረሰ ሰው ነው። የዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች ያሰባሰቧቸውን የድሮ ወረቀቶች አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ከእነዚያ መካከል ዳሩ አይጥ የቀመሰው አንድ የዘማቾች ማኅበር የአባላት መዝገብ ነበር፤ በአማርኛ፣ በታይፕ የተመታ። የአያቴ ስም አለ። ከስሙ ጎን "እግሩን ያጣ" ይላል። መኖሪያ በሚለው ሥር "ደጀን" ይላል።

ኮምፒውተሩን ዘግቼ ከፈትኩት። ደጀን ነው። ዓባይን ተሻግሮ፣ ያን ሁሉ አቀበት ወጥቶ፣ ጎጃም ምድር ገብቶ፣ ቤቱ ሊደርስ ያኔ በበቅሎ የሁለት ቀን መንገድ ሲቀረው ቆሟል።

ቅዳሜ ወደ አባቴ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ቁርበት ዘርግተው የዘር ሽምብራ ይለቅማሉ፤ ደህናውን ወደ ቀኝ፣ ነቀዝ የነካውን ወደ ግራ። ተቀምጬ አብሬያቸው መልቀም ጀመርኩ፤ እጄ ሥራ ሲይዝ አፌ ይፈታል።

"አባባ፣ አባትዎ ያን ጊዜ አልሞቱም" አልኳቸው።

እጃቸው አልቆመም። "ምን ማለትሽ ነው?"

ካርዱን፣ እግሩን፣ መርከቡን፣ ወሩን ነገርኳቸው። ደጀንን መጨረሻ ላይ ነገርኳቸው።

"ከተዝካሩ በኋላ ነው የመጣው?"

"በሦስት ወሩ መርከብ ተሳፍረዋል።"

"እንግዲያ በቁሙ ተዝካሩን በላነዋ" አሉ። "ሕያውን ሰው ነፍስ ይማር አልነው።" መልቀማቸውን ቀጠሉ። ነቀዙን ከደህናው ጋር እየቀላቀሉ እንደሆነ አየሁ፤ ግን ምን ብዬ ላቋርጣቸው።

በማግስቱ ቅዳሴ ሲወጣ የነፍስ አባታቸውን አማከሩ። እኒያም ደግ ሰው ናቸው፤ ጸሎት መሬት ወድቆ አይቀርም፣ ቁም ተዝካርም እኮ አለ ብለው አጽናኗቸው። ቁም ተዝካር ማለት ልጅና ዘመድ የሌለው ሰው፣ ኋላ የሚያስብልኝ የለም ብሎ፣ በሕይወት ሳለ ለራሱ የሚደግሰው ነው። አባቴ ግን አልተዋጠላቸውም።

"እሱ ሰውየው ወዶ፣ ራሱ ቆሞ እያስተናገደ የሚያበላው ነው" አሉኝ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ። "እኛ ግን ሳይጠይቀን መንገዱን ዘጋንበት። ተዝካሩ የተበላ ሰው በየትኛው በር ተመልሶ ይገባል?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ መቁረብ አቆሙ። አባቴ ከቆረቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አመመኝ ደከመኝ ብለው አቋርጠው አያውቁም። "የሕያው አባቴ ነገር ሳይጣራ እንዴት ብዬ እቀርባለሁ?" ብለው ቁጭ አሉ። ነፍስ አባታቸው ለመኗቸው፣ እኔም ለመንኩ፤ ወይ ፍንክች። ከሳ ማለታቸውን ጎረቤት ደውሎ ሲነግረኝ እንቅልፍ አጣሁ። በዚህ መካከል አንድ ነገር ቢሆኑስ? ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰባ ዓመት በሰላም የተቀመጠ ፋይል መዝዤ አውጥቼ፣ ሽማግሌ አባቴን ከቅዱስ ቁርባን የለየሁ እኔ ነኝ። በጣም ተጸጸትኩ፤ ጸጸቱ ግን ምንም አልፈየደም። የቀረው መንገድ ደጀን ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነበር።

ለመገናኘት ተቀጣጠርን፤ እሳቸው በቢቸና በኩል፣ እኔ ከማርቆስ። ስደርስ ቀድመውኝ መናኸሪያው በር ካለች አግዳሚ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከበረሃው የወጡ የጭነት መኪናዎች ሞተራቸውን ለማብረድ መንገዱን ይዘው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ውኃ ይጨምራሉ፣ ልጃገረዶች ቆሎና ሎሚ ይዘው ይዞራሉ። አባቴ ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደሉም፤ በጉልምስናቸው ጤፍ ጭነው ስንቴ ተመላልሰዋል። ያን ቀን ግን እያንዳንዱን ሽማግሌ ትክ ብለው ያዩ ነበር። ምን እንደሚፈልጉ አልጠየቅኳቸውም።

በመጀመሪያ የጠየቅናቸው ሦስት ሰዎች አናውቅም አሉን። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅጥሩ ጥላ ሥር፣ ዐይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት ቄስ መቋሚያቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳልመን ከፊታቸው ተቀመጥን።

"አባ፣ ድሮ እዚህ አንድ እግር ያልነበራቸው ኮሪያ ዘማች ነበሩ ይባላል" አልኩ።

"የመጋዘኑን ዘበኛ ነው?" አሉ ወዲያው። "እንዴታ። የእህል መጋዘን ይጠብቁ ነበር። ቁጡ ሰው። ክራንቻቸውን ማንም እንዲነካባቸው አይወዱም፤ ቅዳሴ ግን አይቀሩም። ምናቸው ናችሁ?"

እኔ አባቴን አየሁ። አባቴ መሬት መሬት ያያሉ።

"ዘመድ ነን" አልኩ። "ሀገራቸው ወዴት እንደሆነ ይናገሩ ነበር?"

"ወደ ላይ ነው ይላሉ። ከዚያ አይጨምሩም። ሚስትም አላገቡ፣ ልጅም የለኝ ባይ ናቸው።" ቄሱ መቋሚያቸውን አስተካከሉ። "አንድ ነገር ግን እስካሁን አይረሳኝም። እኔ ያኔ ገና አዲስ ቄስ ነኝ። እሳቸው ደግሞ መታመም ጀምረዋል። የደብሩ ሽማግሌዎች መከሩና፣ ዘመድ የለዎትም፣ አቅም ሳለዎ ቁም ተዝካርዎን ያውጡ ሊሏቸው ከእኔ ጋር ሄዱ። ሳቁብን። እሳቸው ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የእኔማ ድሮ ተበልቷል አሉን። ልጄ ደግሶልኛል፣ አጥቢያዬ ሁሉ በልቶ መርቆኛል፣ ሁለተኛ ምን ያደርግልኛል አሉ። ልጅ የለኝም ሲሉ ኖረው ከየት ያመጡት ልጅ ነው ብለን፣ ሕመሙ ነው የሚያናግራቸው አልን። ሲሞቱ ፍትሐታቸውን ፈታን፤ ተዝካር ግን ያወጣላቸው የለም።"

"የሞቱት መቼ ነው?" አሉ አባቴ። ከመጣን የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

"ንጉሡ በወረዱ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ።"

አባቴ በልባቸው ሲቆጥሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። "ያን ዓመት በጋውን ሙሉ ጤፍ እዚህ አምጥቻለሁ" አሉ። "መጋዘኑ ጋ አራግፌያለሁ።"

እኔ ያኔ ተናደድኩ። የተናደድኩት በአያቴ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት! የሁለት ቀን መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ልጄ ደግሶልኛል እያለ በልቡ እየመረቀ፣ ልጁ ግን አባት የለኝም ብሎ ሲያድግ፣ ሲያርስ፣ ሲያገባ፣ አንድ ሰው መላክ እንዴት አቃተው? ክራንች ይዞ መራመድ ያቃተው እንደሆን የጭነት መኪና አልነበረም? ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ በቄሱ ፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር።

"ዝም በይ" አሉኝ አባቴ። ቁጣ አልነበረበትም። "ቢመጣ እናቴን የት ያደርጋታል? ያን ምስኪን እንጀራ አባቴንስ? አራቱን ወንድሞቼንስ? ገበያ ላይ ያገሩን ሰው አግኝቶ፣ ማንነቱን ሳይገልጥ ጠይቆ መሆን አለበት። ተዝካሩ መበላቱን ነግረውታል፣ መዳሯን ነግረውታል። እኔ ደህና መሆኔን ነግረውታል። አርፎ ተቀመጠ።"

ቄሱ እንግዲህ ገባቸው። ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው ወደ አባቴ ዘንበል አሉ። "ልጁ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ አባ።" አባቴ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። "እስቲ ያሉትን አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።"

"ልጄ ደግሶልኛል አሉ።"

አባቴ ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰበረ፤ በዕድሜዬ እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

"እኔ እኮ አልደገስኩም አባ። ስድስት ዓመቴ ነበር። ወሬው ምን እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ሥጋ መብላቴን ነው። እንዲያ ጠግቤ አላውቅም ነበርና ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ሰዉ ሲያለቅስ እኔ ስጫወት ዋልኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

አለቀሱ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡና ከራሳቸው ላይ አሳርፈው በግዕዝ ጸሎት ያደርሱ ጀመር። እኔ ያን ሁሉ ቁጣዬን ዋጥኩና ፊቴን አዞርኩ። እንባዬ መጣ። አባቴ ኑዛዜ ሲናዘዙ ቁጭ ብሎ መስማት ነውር መስሎኝ ልነሣ ስል በእጃቸው ያዙኝ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ቄሱ መቃብሩ ያለበትን በመቋሚያቸው አመለከቱን። ምልክት የለውም፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ሰዎች በላዩ ተቀብረዋል። አባቴ ሄደው ቆሙ፣ ሰገዱ፣ ተመለሱ። እንባቸው ደርቋል።

"አባ፣ ዛሬ መርዶ የሰማ ሰው፣ አርባው መቼ ይውልለታል?" ብለው ጠየቁ።

ቄሱ በጣታቸው ቆጠሩ። አንድ ጊዜ ተሳሳቱና ደግመው ቆጠሩ፤ ቀኑን ነገሯቸው። አባቴ ወደ እኔ ዞረው "ጻፊው" አሉኝ።

"አባባ፣ ሰባ ዓመት ያለፈውን ነገር እንደገና ሊደግሱ ነው? ሰውስ ምን ይላል? አቅምዎስ?" አልኳቸው። ስለ ቁርባኑም ጠየቅኳቸው፤ ጭንቀቴ እሱ ነበርና።

"የዚያኑ ለት እቆርባለሁ" አሉ። በሬ የትኛውን እንደሚጥሉ፣ ጠላውን ማን እንደሚጠምቅ፣ የደጀኖቹንም ካህናት እንደሚጠሩ እየነገሩኝ ወደ መናኸሪያው መራመድ ጀመሩ። እኔ አሁንም ይቅርብዎ እያልኩ ከኋላ ከኋላቸው እከተላለሁ። መጨረሻ ላይ ሰለቸኋቸው መሰለኝ፣ ቆም አሉና ዞረው አዩኝ።

"ሰውየው ልጄ ደግሶልኛል ብሎ ሞቷል" አሉኝ። "ውሸታም ላድርገው?"

ስልኬን አወጣሁና ቀኑን ጻፍኩት።